ሙሾ አውራጇ ወይዘሮ ፈንታነሽ አላምረው በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ስለ መገደላቸው

በደብረ ታቦር ከተማ ከዋርካው ሰፈር መረዳጃ እድር የተሰጠ የሀዘን መግለጫ
ለእድሩ አባላት፣ ለጎረቤት እድሮችና ለአካባቢያችን ሕዝብ
ጥር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

እድራችን የአባላቱን ሞት ሲያስነግር የኖረው በጥሩምባ ነው። የወይዘሮ ፈንታነሽ አላምረው ሞትም ሰኞ ጠዋት በጥሩምባ ተነግሯል። ዛሬ በጽሑፍ የምንመለስበት ምክንያት፣ ስለ አሟሟታቸው በየገበያው የሚወራው ስለ በዛና ያየነውን እኛው ብንናገረው ስለሚሻል ነው።

ወይዘሮ ፈንታነሽ እሑድ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ በሌላ ሰው ለቅሶ ላይ ቆመው ሳለ በጥይት ተመትተው በ63 ዓመታቸው ሞተዋል። የተገደሉት እድሩ በተከለው ድንኳን ውስጥ ነው። ደማቸው የፈሰሰው በእድሩ አግዳሚ ወንበሮች መካከል ነው። እኛም እዚያው ነበርን። ሐዘናችን ከሩቅ የሰማ ሰው ሐዘን አይደለም።

ወይዘሮ ፈንታነሽ በ1954 ዓ.ም. ከጉና ተራራ ሥር ተወለዱ። ፊደል አልቆጠሩም። በአሥራ ስድስት ዓመታቸው በአያታቸው ለቅሶ ላይ ድንገት ተነሥተው ግጥም ሲያወጡ ለቀስተኛው ማልቀሱን ትቶ አያቸው ይባላል። ከዚያ በኋላ ከአንበሳሜ እስከ እብናት ትልቅ ሰው በሞተ ቁጥር በቅሎ ተጭኖ ይላክላቸው ጀመር። ሙሾ አውራጅ ማለት በለቅሶ መካከል ቆሞ ግጥም የሚያወጣ ነው፤ ሌላው ይቀበላል፣ ደረቱን ይደቃል። በእኛ አገር ደግሞ ሟቹ በሰው እጅ የሞተ እንደ ሆነ፣ የሙሾ አውራጇ አንደበት ከሽማግሌ ቃል ይልቅ ይሰማል።

በ1984 ዓ.ም. በኅዳር ወር፣ በጉና ሥር ባለች አንዲት መንደር አንድ ገበሬ በድንበር ጠብ ተገደለ። ወይዘሮ ፈንታነሽ ተጠርተው ሄዱ። የሟች ታናሽ ወንድም ጠመንጃውን ታቅፎ ከጥግ ተቀምጦ ነበር። ሽማግሌዎች ሲለምኑት ውለው እርቁን እሺ ለማለት ተቃርቦ እንደ ነበር ኋላ ታወቀ። ወይዘሮ ፈንታነሽ ወደ እርሱ ዞረው እንዲህ አሉ፦

ገዳዩ ገበያ እየሳቀ ዋለ፣
እዚህ ቤት ሴት እንጂ ወንድማ መች አለ።

"ወንድማ" የሚለው ቃል ወንድምንም ወንድነትንም ባንድ ገመድ ያሰረ ነው። ለቀስተኛው ጮኸ። ግጥሙ ተደነቀ፤ ከመንደር መንደር ዞረ። በአራተኛው ቀን ወጣቱ ሄዶ አውድማ ላይ ገብስ ሲወቁ ያገኛቸውን የገዳዩን ወገኖች፣ አባትና ልጅ፣ ገደለ። አባትየውን በጥይት፣ ልጁን ጥይት ስላለቀበት በመጥረቢያ። አውድማው ላይ የተሰጣው ገብስ ደም ስለጠጣ ለከብት እንኳ ሳይሰጥ ተቃጠለ። በዓመቱ ወጣቱም ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ መንገድ ላይ ወደቀ። በአራት ዓመት ውስጥ ከሁለቱ ቤቶች ሰባት ሰው አለቀ፤ ሁለት ቤት ነደደ።

ይህን የምንጽፈው ሟችን ለመውቀስ አይደለም። እርሳቸው ራሳቸው አልደበቁትም። በ1988 ዓ.ም. ከባለቤታቸው ጋር ወደ ደብረ ታቦር መጥተው በ1990 ዓ.ም. እድራችንን ሲቀላቀሉ ሙሾ ማውረድ ትተው ነበር፤ ለለቅሶ ሲጠሩ ከሴቶች መካከል ዝም ብለው ይቀመጡ ነበር። ለምን እንደ ተዉ ያወቅነው በ1992 ዓ.ም. ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ነው። በዚያ ጉባኤ፣ ከለቅሶ ተነሥተው ሰው ለመግደል የሚሄዱ ስለበዙ በእድሩ ድንኳን ሙሾ ጨርሶ ይከልከል የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ወይዘሮ ፈንታነሽ ተነሡ። በቃለ ጉባኤያችን የሰፈረው ቃላቸው እንዲህ ይላል፦

"እነዚያ ሰባት ሰዎች በጥይትና በመጥረቢያ ሞቱ ይባላል። የእኔን አፍ የሚቆጥር የለም። እኔ ግን እቆጥረዋለሁ። ያቺን ግጥም ሳወጣ ደስ ብሎኝ ነበር። ቤት ስትመታልኝ፣ ሰው ሲጮህልኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ሟቹን አላውቀውም። አንበሳው፣ ነብሩ እያልኩ በማላውቀው ሰው አገር አስጨረስኩ። እናቱ ብትናገር የምታውቀውን ትል ነበር። እና ሙሾውን አትከልክሉ፤ አፍ ቢዘጋ እጅ ይናገራል። ከእኔና ከመሰሎቼ ውሰዱና ለባለ ሐዘኑ ስጡት።"

በጉባኤው የነበሩት የቅኔ መምህር የኔታ ገብረእግዚአብሔር ተቃወሙ። "ግጥም ጸጋ ነው፤ ለሁሉ አልተሰጠም። ያልተሰጠው ሰው በሬሳ ፊት ቢንተባተብ ሟቹን ማዋረድ ነው" አሉ። ወይዘሮ ፈንታነሽም እጅ ነሥተው፣ "የኔታ፣ ሐዘኑስ ለሁሉ ተሰጥቶ የለም ወይ?" ብለው መለሱ። ጉባኤው ሳቀ፤ የኔታ ግን አልሳቁም። እስከ ዛሬም ሐሳባቸውን አልለወጡም።

በ1993 ዓ.ም. እድሩ በደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ ጨመረ። በድንኳናችን ደም የሚያስመልስ ሙሾ አይወረድም፤ ግጥሙን የሚያወጣው ባለ ሐዘኑ ራሱ ነው፤ ሙሾ አውራጅ ካለችም ተቀባይ ሆና ትረዳዋለች። ለዚህም ወይዘሮ ፈንታነሽ በየሳምንቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ በእድሩ ቤት ለሚመጣ ሁሉ ማስተማር ጀመሩ።

መጀመሪያ የመጡት አራት ሴቶች ነበሩ። ሁሉም "እኔ አልችልም" አሉ። ከእነርሱ አንዷ ድንች ቸርቻሪዋ ወይዘሮ አልማዝ ናቸው። ባላቸው ሞቶ አርባው እንኳ አልወጣም ነበር። "ግጥም አላውቅም፣ እትዬ። እሱም ጀግና አልነበረም፤ ማንኮራፋት ብቻ ነው የሚያውቅ" አሉ። ወይዘሮ ፈንታነሽም "እሱን በይዋ!" አሏቸው። ወይዘሮ አልማዝ እያፈሩ፣ እያቋረጡ ይህን አወጡ፦

ማንኮራፋትህን እያማረርኩ ኖሬ፣
ዝምታህ ገደለኝ ባዶ አልጋ ላይ ዛሬ።

ሴቶቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ ማንም ማንንም ማባበል እስኪያቅተው አለቀሱ። ከዚያ እሑድ ወዲህ ቤቱ ጠበበ። ወንዶችም መጡ። ጸሐፊያችን ልብስ ሰፊው አቶ ነጂብ፣ በሃይማኖታቸው ሙሾ የማይወረድ ቢሆንም፣ ሁልጊዜ ከጥግ ተቀምጠው የሚወጣውን ግጥም በደብተር ይጽፉ ነበር። ከተጻፈው ብዙው መልካም አይደለም። ቤት የማይመታ አለ፤ ምን ለማለት እንደ ተፈለገ የማይታወቅም አለ። ወይዘሮ ፈንታነሽ ግን ሰው አውጥቶ እስኪጨርስ አያርሙም ነበር፤ ከጨረሰም በኋላ የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "እውነትህን ነው?"

በእነዚህ ሃያ አራት ዓመታት ከእድራችን ድንኳን ተነሥቶ ደም ሊመልስ የሄደ ሰው የለም። ይህን ያደረገው ግጥም ብቻ ነው አንልም፤ ደም የሚያደርቁ ሽማግሌዎች ደክመዋል። ነገር ግን ሰው የራሱን ሐዘን በራሱ አፍ ሲናገር እጁ ከጠመንጃው ላይ ሲላላ ደጋግመን አይተናል። ወይዘሮ ፈንታነሽ ለሰፈራችን ያደረጉት ይህ ነው። የሞቱትም በዚሁ ነው።

ዓርብ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም. የአባላችን የወይዘሮ ሙሉ ልጅ ትንሣኤ፣ የሃያ አራት ዓመት ወጣት፣ ከእብናት ገበያ በሬ ገዝቶ ሲመለስ በቆየ የመሬት ጠብ ምክንያት በጩቤ አሥራ አንድ ቦታ ተወግቶ ተገደለ። ገዳዩ ማን እንደ ሆነ፣ ቤቱም የት እንደ ሆነ የታወቀ ነበር። ቅዳሜ ሬሳው ደብረ ታቦር ገባ። በዚያው ዕለት ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የሟች አጎት አድማሱ ወደ ወይዘሮ ፈንታነሽ ቤት መጣ። ወይዘሮ አልማዝ በቤቱ ስለ ነበሩ የተባባሉትን ሰምተዋል።

"እትዬ ፈንታነሽ፣ ነገ የወንድ ሙሾ ያውርዱልን። የወንድሜ ልጆች ጠመንጃ አላቸው፤ ወኔ ነው ያጡ። ወኔውን አንቱ ይስጡልኝ" አላቸው።

"ወንድሜ፣ ወኔ ሰጥቼ አውቃለሁ፤ ሰባት ጉድጓድ አስቆፈረኝ። ነገ የምትናገረው ሙሉ ናት።"

"ሙሉ? እሷ መቼ ትችላለች? ከሰው ፊት ቆማ አታውቅም።"

"ወልዳዋለች። ትችላለች።"

አድማሱ ቡና እንኳ ሳይቀምስ ወጣ።

እሑድ ትንሣኤ ከተቀበረ በኋላ ለቀስተኛው ወደ ድንኳኑ ተመለሰ። ከድንኳኑ ውጭ አሥራ አምስት የሚሆኑ የታጠቁ ዘመዶች ይፎክሩ ነበር። ወደ ገዳዩ መንደር የሚወስዳቸው መኪና ሞተሩን አስነሥቶ ከመንገዱ ዳር ቆሞ እንደ ነበር ሁላችንም አይተናል። ወይዘሮ ፈንታነሽ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ከመካከል ቆሙና፣ "ዛሬ እኔ ተቀባይ ነኝ። አውራጇ እናቱ ናት" አሉ።

ወይዘሮ ሙሉ ፊታቸውን ነጭተውት ደሙ እስከ አንገታቸው ወርዶ ነበር። ተነሡ። ከውጭ አንድ ሰው "ተዋት፣ አትችልም!" ብሎ ጮኸ። ወይዘሮ ሙሉም ቀስ ብለው፣ "እትዬ፣ ምን ልበል? ግጥም አላውቅም" አሉ።

"ግጥም አትበይ። የምትፈሪውን በይ።"

ወይዘሮ ሙሉ የልጃቸውን ደም የነካ ነጠላ ይዘው እንዲህ አሉ፦

እኔ ያለቀስኩት ላንዲት እናት ይብቃ፣
የሷ ልጅ ቢገደል የኔ ልጅ አይነቃ።

ወይዘሮ ፈንታነሽ ተቀበሉ። ሴቶቹ ተቀበሉ። በሁለተኛው ዙር ወንዶቹም ተቀበሉ። ፉከራው ቆመ። የትንሣኤ ታናሽ ወንድም ከውጭ ገብቶ ጠመንጃውን ከእናቱ እግር ሥር አስቀመጠና ፊቱን በጉልበታቸው ላይ ደፋ። የመኪናው ሞተር ሲጠፋ ተሰማ።

በዚህን ጊዜ አድማሱ የድንኳኑን ጨርቅ ገልጦ ገባ። "ይህቺ ሴትዮ ወንዶቻችንን ሴት አደረገቻቸው!" አለና ተኮሰ። የመጀመሪያው ጥይት ወይዘሮ ፈንታነሽን ደረታቸው ላይ፣ ሁለተኛው አንገታቸው ላይ መታቸው። ሦስተኛው የድንኳኑን ምሰሶ ሰንጥቆ ወጣ። አቶ ነጂብ ደግፈው አስቀመጧቸው፤ በሁለት እጃቸው አንገታቸውን ይዘው ደሙን ሊያቆሙ ሞከሩ፤ አልቆመም።

ከዚህ ቀጥሎ የሆነውን መጻፍ ያሳፍረናል፤ ግን እንጽፋለን። ለቀስተኛው አድማሱን መሬት ላይ ጥሎ በዱላ፣ በድንጋይና በአግዳሚ ወንበር እግር ደበደበው። ክንዱ ሁለት ቦታ ተሰበረ፤ አንድ ዓይኑ ጠፋ። ከደብዳቢዎቹ መካከል የእድራችን አባላት፣ አልፎ ተርፎም የኮሚቴው አባላት ነበሩ። ከሞት የተረፈው ወይዘሮ ፈንታነሽ "ተውት" ስላሉ ነው። ድምፃቸው ደም የቀላቀለ ስለ ነበር መጀመሪያ የሰማቸው አቶ ነጂብ ብቻ ናቸው። አቶ ነጂብም "ተውት ብላለች! ተውት ብላለች!" እያሉ እስኪሰማ ድረስ ጮኹ። ዱላው ሲቆም ወይዘሮ ፈንታነሽ አልፈው ነበር።

ሰኞ ጥር 19 ቀን ተቀበሩ። ፍትሐቱን ከመሩት ካህናት መካከል የኔታ ገብረእግዚአብሔር ይገኙበታል። አድማሱ በሕግ ጥበቃ ሥር ሆኖ ይታከማል። የትንሣኤ ገዳይም፣ በወይዘሮ ሙሉ ለቅሶ ላይ የተባለውን ሰምቶ ይሁን በሌላ ምክንያት፣ ማክሰኞ ጠዋት እጁን ለፖሊስ ሰጥቷል።

በዚያው ማክሰኞ የወይዘሮ ፈንታነሽ ሠልስት ነበር። ከጉና የመጡ ዘመዶቻቸው ታጥቀው መጡ። ባለቤታቸው ቀድመዋቸው ስላረፉ፣ አሁን ባለ ደሙ አንድ ልጃቸው ዳኛቸው ነው። ዳኛቸው በመናኸሪያው አጠገብ ጎሚስታ ነው፤ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ዝምተኛ ነው። የእናቱን ትምህርት አንድ እሑድ እንኳ መጥቶ አያውቅም። ከዘመዶቹ አንዱ ጠመንጃ አቀብሎት ግጥም አወጣበት። ግጥሙ የሚያምር ነበር፤ ስለዚህም እዚህ አንጽፈውም። ድንኳኑ በሙሉ ዳኛቸውን ያይ ጀመር።

ዳኛቸው ተነሣ። ጉሮሮውን ሦስት ጊዜ ጠረገ። ያለውን አቶ ነጂብ እንደ ወረደ ጽፈውታል፦

የፈነዳ ጎማ እለጥፋለሁ፣ እማዬ፤
የፈነዳ ሰው ግን መለጠፊያ የለኝም።

ይህ ቤት አይመታም። አንዱ ስንኝ ከሌላው ጋር አይመጣጠንም። ሙሾ የሚያውቁ ሴቶች ለአፍታ ተያዩ፤ ከምን ላይ እንደሚቀበሉት ግራ ገብቷቸው ነበር። ከዚያ ወይዘሮ ሙሉ፣ ልጃቸውን ከቀበሩ ገና ሁለት ቀናቸው፣ ከሴቶቹ መካከል ሆነው "የለኝም" ብለው ተቀበሉ። ሌላዋ "የለኝም፣ የለኝም" አለች። ድንኳኑ ሁሉ በዚያች አንድ ቃል ደረቱን መታ። ዳኛቸው ጠመንጃውን ለሰጠው ዘመዱ መልሶ ሰጠውና ተቀመጠ። ዘመዱም ጥይቱን ከጠመንጃው አውጥቶ ኪሱ ከተተ። ከጉና የመጡት ሰዎች በዚያው ዕለት በሰላም ተመለሱ።

ማንም ሰው ግጥም ሊያወጣ ይችላል ወይ የሚለው ክርክር በጉባኤያችን ከተነሣ ሃያ አምስት ዓመት ሆነው። እድሩ የቅኔ ቤት አይደለም፤ ብይን የመስጠት ሥልጣን የለውም። ማክሰኞ ዕለት ያየነውን ግን አይተናል።

ለልጃቸው ለአቶ ዳኛቸው፣ ለዘመድ ወዳጆቻቸው፣ እሑድ እሑድ ከእርሳቸው ለተማሩት ሁሉ እግዚአብሔር መጽናናቱን ይስጥልን። ልጃቸውን አፈር አልብሰው ሳይውሉ ሁለተኛ ደም ድንኳናቸው ውስጥ ለፈሰሰባቸው ለወይዘሮ ሙሉና ለልጆቻቸውም ሐዘናችን ያው ነው። የእሑዱ ትምህርት አይቋረጥም። ወይዘሮ አልማዝ ይመሩታል፤ "እኔ አልችልም" ብለው ነበር፣ ኮሚቴው አልተቀበላቸውም።

አንድ ነገር ቀርቷል። የአድማሱ እናት እሜቴ ወርቅነሽ የእድራችን አባል ከሆኑ ሠላሳ አንድ ዓመታቸው ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ የልጅ ልጃቸውን በጩቤ አጥተዋል፤ ልጃቸው ነፍሰ ገዳይ ሆኗል። ከእሑድ ወዲህ ቤታቸው ሰው አልገባም። ረቡዕ ዕለት በምርኩዛቸው እየተደገፉ እድሩ ቤት መጥተው፣ "ስሜን ከመዝገቡ ፋቁት። ከእንግዲህ ስሞት ጥሩምባ አይነፋልኝ" አሉ። ኮሚቴው ተሰብስቦ ተነጋገረ። አንዳንዶቻችን እንዳሉት ይፋቅ ብለን ነበር፤ ይህንንም አንሸሽግም። በመጨረሻ ግን ስማቸው እንዳይፋቅ ተወስኗል።

ስለዚህ የፊታችን እሑድ ጥር 25 ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ የእድሩ አባላት በሙሉ ወደ እሜቴ ወርቅነሽ ቤት ለለቅሶ ይሄዳሉ። ሬሳ ስለሌለ ድንኳን አይተከልም። አቶ ዳኛቸው ከእኛ ጋር መሄድ እንደማይችል ነግሮናል፤ ማንም እንዳያስገድደው፣ ማንም እንዳይወቅሰው። ሌላው ግን አይቅር። እሜቴ ወርቅነሽ ምን እንደሚሉ አናውቅም፤ ምናልባት አያናግሩን ይሆናል። ካላናገሩንም ዝም ብለን አብረናቸው እንውላለን።

የዋርካው ሰፈር መረዳጃ እድር ኮሚቴ
ደብረ ታቦር